ሄሊኮፕተር ዝቅ ብሎ ሲመጣ መንጋን እንዴት እንያዝ? ለሰሜን ሸዋ ደጋ እረኞች

መሐል ሜዳ ገበያ ላይም ሆነ ክትባት ይዤ ወደ ቀበሌ ስወርድ ይህን ጥያቄ ሳልጠየቅ የምመለስበት ቀን ጥቂት ነው። «ዶክተር፣ ሄሊኮፕተር አናታችን ላይ ሲመጣ በጎቹን ምን እናድርጋቸው?» ጠያቂው አንዳንዴ በግ የጠፋበት አባወራ ነው፤ አንዳንዴ ልጇን እረኝነት ልካ ቀኑን ሙሉ ሐሳብ የገባት እናት ናት። መንገድ ላይ ቆሜ ስመልስ ግማሹ ይረሳኛል፤ ስለዚህ ከነምክንያቱ ጻፍኩት። ልጅ እረኝነት የምትልኩ ከሆነ ማታ እሳት ዳር አንብቡለት።

የምጽፈው በሰላም ጊዜ ስለሚያልፍ በረራ ነው፦ አንበጣ ሊረጭ ስለመጣ፣ በሽተኛ ስለሚያነሳ፣ መሬት ወይም የመብራት መስመር ስለሚቃኝ።

መጀመሪያ ይህ ይታወቅ

ሄሊኮፕተሩ በጉን አይነካውም። በጉ የሚሞተው ሮጦ ገደል ሲገባ ወይም ጥግ ላይ ተደራርቦ ሲታፈን ነው፤ ያረገዘችው ደግሞ ከቀናት በኋላ ልትወድቅ ትችላለች። ሄሊኮፕተሩን ማቆም አትችሉም። በጉ ወዴት እንደሚሮጥ ግን አስቀድማችሁ ማመቻቸት ትችላላችሁ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለዚሁ ነው።

በዓለም አቀፉ የበረራ ደንብ መሠረት መሬት እያየ የሚበር አብራሪ፣ ከከተማና ሕዝብ ከተሰበሰበበት ውጭ፣ ከመሬት ከ150 ሜትር በታች መውረድ የለበትም። ሲነሳ፣ ሲያርፍና ልዩ ፈቃድ ሲኖረው ግን ይወርዳል። የአንበጣ ርጭት ደግሞ ጭራሽ ዝቅ ሳይሉ የማይሠራ ሥራ ነው። በዚያ ላይ የአገራችን አቀማመጥ አለ። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነስቶ ወደ ጣርማ በር የሚወጣ ሄሊኮፕተር ከ1,300 ሜትር አካባቢ ከፍታ ከ3,000 ሜትር በላይ መውጣት አለበት። ገደሉን ተጠግቶ ሲወጣ ድምፁን ተራራው ይጋርደዋል፤ አፋፉን እንዳለፈ ድንገት አናታችሁ ላይ ነው። ደመና በወረደበት ቀንም አብራሪው ከደመናው በታች ለመቆየት ሲል ወደ ሜዳው ይጠጋል።

ሌላው የአየሩ ነገር ነው። በ3,000 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ሄሊኮፕተር የሚቆመው በተሽከርካሪ ክንፉ አየር ወደ ታች እየገፋ ስለሆነ፣ የሚገፋው አየር ሲሳሳና የሞተሩም ጉልበት ሲቀንስ አንድ ቦታ ረግቶ መቆም ይከብደዋል። «አይቶን ያቆማል» ብላችሁ አትተማመኑ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ረጅም ዱላ። ለመምታት አይደለም፤ በአግድም ሲያዝ ሰውየውን ለበጉ ሰፊ ያደርገዋል።
- ለመሪዋ በግ ቃጭል።
- በትንሽ ከረጢት ጨው ወይም አንድ እፍኝ ገብስ።
- ለበቅሎና ለፈረስ ከ4 እስከ 5 ሜትር ጠንካራ ገመድ።
- መቀነት ወይም ቀበቶ፣ ጋቢንና ነጠላን ከሰውነት ጋር ለማሰር።
- የቀበሌውና የቅርቡ የእንስሳት ክሊኒክ ስልክ ቁጥር፣ በወረቀት ተጽፎ በላስቲክ የተጠቀለለ። የስልክ ባትሪ ሲያልቅ ወረቀቱ አያልቅም፤ የሌላ ሰው ስልክ ተውሶ መደወል ይቻላል።
- ለርጭት ቀን ሳሙናና ንጹሕ ውኃ።

ከመምጣቱ በፊት

1. ግጦሹን በእግራችሁ ዙሩት። ሦስት ነገር ለዩ፦ ገደሉ የት ነው፣ በጎች ሊጣበቁበት የሚችሉ የድንጋይ ካብ ጥጎች የት ናቸው፣ ሽቦ ወይም ገመድ የተዘረጋበት አለ ወይ? ከዚያ ከገደሉ አፋፍ ቢያንስ 200 እርምጃ ወደ ውስጥ ያለውን የግጦሽ ወሰን አድርጉና ለልጁ በድንጋይ ክምር አሳዩት። የደነገጠ በግ 200 እርምጃ ለመጨረስ ግማሽ ደቂቃ አይሞላበትም። ግን ከአፋፉ ላይ ሲግጥ ከነበረው በግ ጋር ሲነጻጸር ያቺ ጥቂት ሰከንድ መንጋው እንዲዞር ትበቃዋለች። በሞፈር ውኃ፣ በወንጭትና በጀማ አፋፍ ያላችሁ፣ ጥሩው ሣር አፋፉ ላይ እንደሚበቅል አውቃለሁ። እዚያ ማስጋጥ ግድ ከሆነ ትልቅ ሰው አብሮ ይዋል።

2. መሪዋን በግ አስለምዱ። በየመንጋው ሌሎቹ የሚከተሏት አንዲት አሮጊት በግ አለች፤ ባለቤቱ ያውቃታል። ቃጭሉን ለእሷ እሰሩ። ለሁለትና ሦስት ሳምንት በየማታው በአንድ ዓይነት ድምፅ ጥሩና ስትመጣ ከእጃችሁ ጨው አልሷት። ለምን? በግ ሲደነግጥ ሐሳቡ ሁሉ ከጓደኞቹ አለመለየት ነው፤ መሪዋ ወደ እናንተ ከዞረች ሌሎቹን መንዳት አያስፈልግም፤ ይከተሏታል። ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ከሁሉም አስበልጬ የምመክረው ይህንን ነው፤ በክፉ ቀን የሚሠራ ጥሪ የሚለመደው በደህናው ቀን ነው።

ሲመጣ

3. ድምፅ ስትሰሙ ሰማዩን ትታችሁ በጎቹን እዩ። በሸለቆ ውስጥ ድምፅ ከወዲያ ማዶ ገደል ተመትቶ ስለሚመለስ ከሰሜን የሚመጣው ከደቡብ ይመስላል። በጉ ከእኛ ቀድሞ ይሰማል። መጀመሪያ ማመንዠጉ ይቆማል። አንገት ይቀናል፣ ጆሮ ወደ አንድ ወገን ይተከላል፣ ተበትኖ ሲግጥ የነበረው ጎን ለጎን መጠጋጋት ይጀምራል። ገና አልሮጡም። ለሥራችሁ ያላችሁ ጊዜ ይህ ብቻ ነው።

4. በመንጋውና በገደሉ መካከል ግቡ፣ በእግር እየተራመዳችሁ። በቀጥታ ወደ በጎቹ አትሂዱ፤ እንደ ማጭድ ጎበጥ ባለ መንገድ ዙሩና ከመንጋው ከ30 እስከ 40 እርምጃ ርቃችሁ ቁሙ። ፊታችሁ ወደ በጎቹ፣ ዱላው በአግድም። ለበግ ሰው ሲጠጋው የሚሸሽበት የራሱ ርቀት አለው፤ ከዚያ ርቀት ውጭ ከቆማችሁ እንደ አጥር ትሆናላችሁ፤ ከገባችሁ ግን እናንተው ታባርሩታላችሁ። እናንተም አፋፉ ላይ አትቁሙ፤ ከኋላችሁ ቢያንስ 50 እርምጃ ይኑር።

ማስጠንቀቂያ፦ መንጋው ቀድሞ መሮጥ ከጀመረና ወደ ገደል ካመራ ማንም ሮጦ አይቅደመው። ወደ ጎን ውጡ። ለልጁ ይህን አፍ አውጥታችሁ ንገሩት፦ «በግ ቢጠፋ አንቆጣህም፤ አንተ ከበግ ትበልጣለህ።» ይህን ቃል ካልሰማ፣ ቁጣ የሚፈራ ልጅ በጉን ተከትሎ አፋፉ ድረስ ይሄዳል።

5. ዝም በሉ። የምታሰሙት ድምፅ ያ የለመደችው የጨው ጥሪ ብቻ ይሁን። ጅራፍ ማጮህ፣ ማፏጨት፣ «ኧረ!» እያሉ መጮህ በጉን ከሁለት ወገን ያስፈራዋል፦ ከላይ ሞተሩ፣ ከታች እናንተ። ሁለት የሚያስፈራ ነገር ያየ በግ ሦስተኛውን አቅጣጫ ይመርጣል፤ ያም ባዶ የሚመስለው ገደሉ ነው።

6. አንድ መውጫ ክፍት ተዉላቸው፣ ወደ ማደሪያቸው በኩል። መንጋውን ከካብ ጥግ አታስገቡ፣ ጉረኖ ውስጥ ካሉም በሩን አትዝጉባቸው። ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። አንድ ቀን ጠዋት 60 ያህል በግ በድንጋይ ጉረኖ አስገብተን ስንከትብ ሄሊኮፕተር ከአፋፉ በታች ብቅ አለ። እንዳይበተኑብኝ ፈርቼ በሩን በእንጨት ወረወርኩት። በጎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ምሥራቁ ጥግ ሄዱ፤ ፊተኞቹ ካቡ ላይ ተጣብቀው ቆሙ፣ ኋለኞቹ በላያቸው ወጡ። ድምፁ አልፎ ጸጥ ሲል ከላይ ያሉትን አንድ በአንድ እያነሳን አወረድን። ከሥር አራት አገኘን። ቁስል የላቸውም፣ አጥንታቸው አልተሰበረም፤ ምላሳቸው ጠቁሮ ወጥቷል። ከአራቱ ሁለቱ ጠቦቶች ነበሩ። በሩ ክፍት ቢሆን ኖሮ ሜዳው ላይ ተበትነው ማታ እንሰበስባቸው ነበር። የተበተነ በግ ይገኛል።

7. በቅሎ ወይም ፈረስ ላይ ከሆናችሁ ውረዱ። ልጓሙን ከአገጩ በታች ያዙና ጭንቅላቱን ድምፁ ወደሚመጣበት አዙሩት፤ የጋማ ከብት ያየውን ነገር ካላየው ያነሰ ይፈራዋል። ገመዱን በእጃችሁ አትጠምጥሙት፤ ሲበረግግ ጣት ይቆርጣል፣ ሰው ይጎትታል። በሬ ጠምዳችሁ ከሆነ ማረሻውን ጠልቆ እንደተሰካ ተዉትና ወደ በሬዎቹ ፊት ሂዱ። ማረሻው ከመሬት ከወጣ የደነገጠው በሬ የራሱን እግር ይቆርጥበታል።

8. እጃችሁን አታውለብልቡ። ሁለት እጅ ወደ ላይ ተዘርግቶ ሲነሳ በአብራሪዎች ዘንድ «እርዳታ እፈልጋለሁ» ማለት ነው፤ ሂድልኝ ብላችሁ ያነሳችሁት እጅ ጭራሽ ሊያወርደው ይችላል። «እርዳታ አልፈልግም» የሚባለው አንዱን እጅ ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ታች አድርጎ በመቆም ነው። ድንጋይና ወንጭፍማ ፈጽሞ አይሞከር። ዝቅ ብሎ የሚበር ሄሊኮፕተር አንድ ነገር ቢነካው አብራሪው ለማስተካከል ከፍታም ጊዜም የለውም፤ የሚወድቀውም እናንተው ላይ ነው።

ካለፈ በኋላ

9. ግማሽ ሰዓት ባሉበት ተዉአቸው። ድምፁ ሲጠፋ ወዲያው ወደ ቤት መንዳት የተለመደ ስሕተት ነው። ትንፋሻቸው ገና አልተመለሰም፤ የሮጠን በግ ደግሞ ማስሮጥ ልቡን ማፈንዳት ነው። ሄሊኮፕተሩም በዚያው መንገድ ሊመለስ ይችላል። ማመንዠግ ሲጀምሩ ተረጋግተዋል ማለት ነው፤ ያኔ ቁጠሩ።

10. ያረገዙትን ለይታችሁ ተከታተሉ። ሊወልዱ 6 ሳምንትና ከዚያ በታች የቀራቸው በጣም ይጎዳሉ። ግልገሉ በሆድ ውስጥ የሚያድግበት ዋናው ጊዜ ያ ስለሆነ፣ በድንጋጤ አንድ ሁለት ቀን ሣር የተወች በግ በደሟ ያለው ስኳር ይወርዳል። ከመንጋው ተለይታ ትቆማለች፣ ጭንቅላቷን ግድግዳ ላይ ትደግፋለች፣ ዓይኗ የማያይ ይመስላል። እስክትወድቅ አትጠብቁ፤ ምልክቱን ባያችሁበት ቀን አምጧት ወይም ደውሉ። እስከዚያው ለስላሳ ድርቆሽና ትንሽ ገብስ አቅርቡላት።

የጨነገፈች ካለች ሽሉን በባዶ እጅ አትንኩ፣ ለውሻም አትስጡ። ድንጋጤ ነው ብላችሁ አትደምድሙ። መጨንገፍን የሚያመጡ፣ ወደ ሰውም የሚተላለፉ በሽታዎች አሉ። እጃችሁን በላስቲክ ሸፍናችሁ ሽሉን በላስቲክ ጠቅልሉና ወደ ክሊኒክ አድርሱ፤ እርጉዝ ሴት ከቦታው ትራቅ።

አጠገባችሁ ካረፈ

11. መንጋውን ከ300 እርምጃ በላይ አርቁ፣ ሰውም ከ100 እርምጃ በላይ ይራቅ። ሊያርፍ ሲል ወደ ታች የሚገፋው ነፋስ መሬት ላይ ተመትቶ በየአቅጣጫው ይበተናል። አውድማ ላይ ያለ ምርት፣ ያልተመታ ቆርቆሮ፣ ማዳበሪያ ጆንያ፣ ላስቲክ ሁሉ ይነሳል። ጋቢያችሁን በመቀነት እሰሩት፤ ነጠላና ቆብ በእጅ ይያዝ። የበረረ ነጠላ ተሽከርካሪው ክንፍ ውስጥ ከገባ ሰው ይገደላል። ልጆችን ጀርባቸውን አዙረው ዓይናቸውን ሸፍነው አስቀምጧቸው።

12. ክንፉ ሙሉ በሙሉ ካልቆመና አብራሪው በእጁ ካልጠራ ማንም አይጠጋ። ሲጠራም ከፊት ለፊት፣ አብራሪው በሚያየው በኩል፣ ጎንበስ ብሎ ነው። በኋላ በኩል በጭራሽ! የጭራው ትንሽ ፕሮፔለር ሲሽከረከር ለዓይን አይታይም፤ በሰው ቁመት ልክም ሊሆን ይችላል። ተዳፋት ላይ ካረፈ ከላይኛው በኩል አትውረዱበት፤ መሬቱ ወደ ክንፉ ከፍ ስላለ አንገት ልክ ይመጣል። ከታችኛው በኩል ቅረቡ። ሞተሩ ጠፍቶ ክንፉ ቀስ እያለ ሲዞር ደግሞ አደጋው አልቀረም፦ ፍጥነቱ ሲቀንስ ጫፉ በነፋስ ወደ ታች ይረግባል።

ርጭት ከሆነ

በ2020 አንበጣው በምሥራቅ አማራ ሲወርድ የቆላው ወገኖቻችን ይህንን አይተውታል። ርጭት እንዳለ ከሰማችሁ ቀኑንና ቦታውን ከቀበሌ ጠይቁ። በዋዜማው መንጋውን ነፋስ ከሚመጣበት ወገን ወዳለ ሌላ ግጦሽ አዛውሩ፣ የውኃ ገንዳ ሸፍኑ፣ ቀፎ ያላችሁ የንቡን መውጫ ከመንጋቱ በፊት ዝጉ ወይም ቀፎውን አርቁ። የተረጨ ግጦሽ ላይ መቼ መመለስ እንደሚቻል እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ስለሚለያይ ከሚረጩት ሰዎች ቁርጥ ያለ ቀን ተቀበሉ። የሞተ አንበጣ ለዶሮ አይሰጥም፣ ሰውም አይብላው።

ለአንበጣ ከሚረጩት ብዙዎቹ የነርቭ መርዞች ናቸው። የነካው እንስሳ ለሐጩ ይዝረበረባል፣ ዓይኑ ያለቅሳል፣ ይቀዝናል፣ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል፣ መተንፈስ ያቅተዋል። እንዲህ ካያችሁ ጓንት ወይም ላስቲክ አድርጋችሁ በብዙ ውኃና ሳሙና እጠቡትና ሐኪም ጥሩ። መድኃኒት አለው፤ በመርፌ የሚሰጠው ባለሙያ ነው፣ ፈጥኖ ከደረሰም ያድናል። ወተት ወይም ዘይት በአፉ አታፍስሱበት። መዋጥ ያቃተው እንስሳ ወደ ሳንባው ያስገባዋልና በመርዙ ፈንታ በእናንተ ወተት ይሞታል። ከታመመው የታለበው ወተትም ይደፋ።

ወጣቶቹ ስለሚጠይቁት

«ውጭ አገር በሄሊኮፕተር ከብት ሲነዱ በስልክ አይተናል፤ እዚህ ለምን አይቻልም?» ይሉኛል። በሰሜን አውስትራሊያ እውነት ነው። ግጦሹ ሜዳ ነው፣ የአንድ ባለቤት መሬት የእኛን ወረዳዎች ያህል ይሰፋል። ብዙ የሚሠሩበት ሮቢንሰን አር22 የሚባለው ሲሆን፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ከነጭነቱ 622 ኪሎ ግራም የማይበልጥ ትንሽ ሄሊኮፕተር ነው። እዚያም ቢሆን ሥራው አደገኛ ነው። ሞተሩ ቢጠፋ ሄሊኮፕተር ክንፉን በሚወርድበት አየር እያሽከረከረ በደህና ማረፍ ይችላል፤ ለዚህ ግን ወይ ከፍታ ወይ ፍጥነት ያስፈልገዋል። ከብት ተከትሎ ከዛፍ ጫፍ በላይ ቀስ እያለ የሚበር አብራሪ ሁለቱም የሉትም። ዓይኑ ከብቱ ላይ ስለሆነ ሽቦና ዛፍ ያልፈዋል፣ ሲዞርም ጭራው መሬት ወይም ቁጥቋጦ ሊነካ ይችላል። ከብቱ የሚነዳውም በፍርሃት ነው፤ የእኛን በግ ወደ ገደል የሚወስደው ያው ፍርሃት። በድሮን በግ ለመንዳት የምትሞክሩም አሉ፤ አፋፍ ባለበት አገር እባካችሁ ተዉት።

ስለ ሽቦ አንድ ነገር ልጨምር። ከማዶ ወደ ማዶ ሸለቆ ተሻግሮ የተዘረጋ ሽቦ ወይም ገመድ ካለ ለቀበሌ ንገሩ፤ የሚመጣ በረራ ካለ እንዲያስታውቁ። ቀጭን ሽቦ ከላይ ለሚያይ ሰው ከሣሩ ጋር አንድ ይሆናል። አብራሪዎች የሚፈልጉት ምሰሶውን ነው፣ ምሰሶ የሌለው ሽቦ ግን አይታያቸውም።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

- በጎቹን በገመድ እርስ በርስ ማሰር። አንዱ ሲወድቅ ሁሉንም ይዞ ይሄዳል።
- ውሻ መልቀቅ። ውሻውም ደንግጧል፤ መንጋውን ይበትነዋል።
- ዛፍ ሥር መሰብሰብ። ሲያርፍ ወይም ዝቅ ሲል ደረቅ ቅርንጫፍ ይወርዳል።
- የሄሊኮፕተሩን ፎቶ ለማንሳት ወደ አፋፍ መሄድ። ልጆቹን በተለይ በዚህ ተከታተሉ።
- ማታ ቆጥሮ «አልጎደለም» ብሎ መተኛት። በማግስቱ ጠዋት ከጉረኖ ሲወጡ በሩ ላይ ቁሙና እያንዳንዷ ስትራመድ እዩ፤ ማታ ያልታየ ስንካሌ ጠዋት እግሩ ሲበርድ ይታያል።